አምፑ አልተበላም፤ ስፒከር በዝቶበት ነው

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር እና ሁለት ትንንሽ ስፒከር ይዞልኝ መጣ። ከድሮ ቴፕ የተረፉ ሁለት ስፒከሮችም ነበሩኝ። አራቱንም ገጠምኳቸው፤ አዲሶቹን ኤ ላይ፣ የድሮዎቹን ቢ ላይ። አዲሶቹ ጀርባ 6 ኦም፣ የድሮዎቹ ደግሞ 4 ኦም ይላል። ለአዲሶቹ የተጠቀምኩት ቤት የነበረ የስልክ ገመድ ነው። 220ን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመርም ገዝቻለሁ። ቤዝ የሚባል የለውም፤ የቤዙን ቁልፍ እስከ መጨረሻ ጠምዝዤዋለሁ። የዘፋኙ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ትንሽ ከፍ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ይዘጋል፣ ሲነካም ያቃጥላል። ዘፈን በሌለበት ደግሞ እምምም ይላል። ጓደኛዬ አምፑ ተበልቷል፣ ሌላ ግዛ ይለኛል። ምን ይሻለኛል? የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኪስህን ያዝ። ሌላ አምፕ አትግዛ።

የተበላ አምፕ ብዙውን ጊዜ ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ገና ሲበራ ፊውዙን ይዞት ይሄዳል። ያንተው ይበራል፣ ይዘፍናል፣ ሲጨንቀው ብቻ ይዘጋል። ያቺ «ቀጭ» የምትለው ውስጡ ያለች ሪሌ ናት። ስፒከሮቹን ቆርጣ አምፑን ከመቃጠል ታድነዋለች። ሥራዋን እየሠራች ነው።

አራት ችግር ዘርዝረሃል። ሦስቱ ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ የመጣ ነው። አንደኛው ስፒከር በግልባጭ የታሰረ ይመስለኛል። ስለዚህ ቤዙ ጠፋ። ቤዙ ሲጠፋ ቁልፉን እስከ ጥግ ጠመዘዝከው። አምፑ ደግሞ ድሮውንም ከአቅሙ በላይ ስፒከር ተጭኖበታል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጋለ፣ ዘጋ። «እምምም» የሚለው ብቻ ለብቻው ነው፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

በኦሙ እንጀምር። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ከአምፑ ብዙ ከረንት ይጎትታል። ኤ እና ቢ የሚባሉት የስፒከር መውጫዎች አብረው ሲበሩ አብዛኛው አምፕ ሁለቱን ጥንድ በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ነው የሚያገናኛቸው። በፓራለል ጊዜ ኦም አይደመርም፣ ይወርዳል። ሁለቱን ቁጥር አባዛና ለድምራቸው አካፍል። 6 በ4 ሲባዛ 24፣ 24 ለ10 ሲካፈል 2.4። አምፕህ በቀኝም በግራም 2.4 ኦም ያህል እየነዳ ነው ማለት ነው። ተራ የቤት አምፕ ለዚህ አልተሠራም።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ። አምፑ 12 ቮልት ሲያወጣ ባለ 8 ኦም ስፒከር 1.5 አምፒር ይወስዳል። 2.4 ኦም ግን በዚያው ቮልት 5 አምፒር ይወስዳል። እጅህን ያቃጠለህ እሱ ነው።

የቤዙን ቁልፍ ጨምርበት። የቤዝ ቁልፍ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ወደ 10 ዴሲቤል ይጨምራል። 10 ዴሲቤል ማለት በዚያ ቤዝ ላይ አሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው። አምፑ ያንን ማውጣት ሲያቅተው የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ድምፅ ትዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሿን ስፒከር፣ ይበላል። ብዙ ሰው ትዊተር የሚያቃጥለው አምፕ በዝቶ ይመስለዋል። ትንሽ አምፕ እስከ ጥግ ተከፍቶ የሚያቃጥለው አያንስም።

አሁን የአምፑን ጀርባ በባትሪ አብርተህ እየው። የስፒከር ማሰሪያዎቹ አጠገብ በደቃቁ የተጻፈ ነገር አለ። ኤ ወይም ቢ ለብቻ ከ4 ኦም ጀምሮ፣ ኤ እና ቢ አብረው ከ8 ኦም ጀምሮ የሚል ዓይነት ነው። ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ያንተ ላይ የተጻፈውን አክብር። እንደገመትኩት ከሆነ የድሮዎቹ ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ለብቻቸው ይቻላሉ፤ ከአዲሶቹ ጋር አብረው ግን በፍጹም።

የድሮዎቹን ጣላቸው አላልኩም። ማድ ቤት ወይም መኝታ ቤት ውሰዳቸውና ቢ ላይ እሰራቸው። ሳሎን ስትሆን ኤን አብራ፣ ቢን አጥፋ። እዚያ ስትሆን ተቃራኒውን። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳሎን ውስጥ አራት ስፒከር በአንዴ ማዘፈን ድምፁን ያደፈርሰዋል እንጂ አያሳምረውም። ለሠርግ ሞንታርቦ ይደረደራል። ቁጭ ብሎ ዘፈን ለመስማት ግን ሁለት ጥሩ ስፒከር ይበቃል።

በሲሪስ፣ አንዱን ከሌላው አስከትዬ፣ ላገናኛቸው ትለኝ ይሆናል። ኦሙ 10 ስለሚሆን አምፑ አይጋልም፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን የተለያዩ ስፒከሮች በሲሪስ ሲታሰሩ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያበላሻል። ተወው።

ወደ ግልባጩ እንምጣ። እያንዳንዱ ስፒከር ቀይ እና ጥቁር ማሰሪያ አለው። የአምፑ ቀይ ከስፒከሩ ቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መገናኘት አለበት። አንዱ ጎን ትክክል ሆኖ ሌላው ከተገለበጠ አንዱ ዎፈር፣ ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ፣ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። የአየሩ ግፊት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ቤዙ ይሰረዛል። መሐል ላይ መቆም የነበረበት ዘፋኝም ቤቱ ውስጥ ይበተናል። አንተ የጻፍከው ምልክት ቁልጭ ብሎ እሱ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ስልክህ ሴቲንግ ውስጥ፣ አክሰሲቢሊቲ (ተደራሽነት) በሚለው ክፍል ሞኖ ኦዲዮ፣ ለሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚልክ፣ የሚል ታገኛለህ። አብራው። ሁለቱን አዲስ ስፒከሮች ፊት ለፊት አቀራርባቸው፤ በመሐላቸው አንድ ስንዝር ይበቃል። ከበሮ ያለበት ዘፈን ወይም መዝሙር ቀስ አድርገህ ክፈት። ከዚያ አምፑን አጥፍተህ የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦ ቦታ አቀያይር፣ መልሰህ ስማ። ከበሮው ወፍሮ የወጣበት አስተሳሰር ትክክለኛው ነው። ልዩነቱ ጆሮ የማይጠይቅ ነው፤ ልጆችህም ይለዩታል።

ሽቦው ቀለም ከሌለውና የትኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነ ከጠፋህ ባትሪ ድንጋይ ተጠቀም። ገመዱን ከአምፑ ንቀለው፤ ይህን አትርሳ። በስፒከሩ በኩል ታስሮ ይቆይ። የስፒከሩን ጨርቅ አንሳ። አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ያዝና ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ለቅጽበት ነካ አድርገህ ልቀቅ። የዎፈሩ ወረቀት ወደ ውጭ ፈንጠር ካለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ የቀዩ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ የጥቁሩ ነው። ቀዩ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠቅልልበትና ከጥርጣሬ ተገላገል። ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ ግን አታምጣ፤ ድንጋዩንም ይዘህ አትቆይ።

የስልክ ገመዱን ጣለው። እንደዚያ ዓይነት ሽቦ በተለምዶ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ስፒከሩ 7 ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው 14 ሜትር መዳብ ነው። ይሄ ብቻውን 1.2 ኦም ያህል ይሆናል። ባለ 6 ኦም ስፒከር ላይ ሲጨመር ከአምፑ ቮልት አንድ ስድስተኛውን ገመዱ በላው ማለት ነው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብትጠቀም 0.16፣ ባለ 2.5 ብትጠቀም 0.1 ኦም ገደማ ነው። ያ ምንም አይደለም። ደንቡ የገመዱ ኦም ከስፒከሩ ኦም ከመቶ አምስት እንዳይበልጥ ነው።

ለሳሎንህ ባለ 1.5 ሁለት ፍሬ ለስላሳ ገመድ ይበቃሃል። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄደህ በሜትር አስቆርጥ። የስፒከር ተብሎ በሚያምር ላስቲክ ተጠቅልሎ ሦስት እጥፍ የሚሸጠውን እለፈው። አንድ ነገር ግን አጣራ። ገበያ ላይ ያለው አንዳንዱ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ የተቀባ ነው። አንዷን ሽቦ በቢላ ፋቅ አድርጋት። ከሥር ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። እሱን ከገዛህ አንድ ደረጃ ወፍራሙን ውሰድ። የቀኙና የግራው ገመድ እኩል ካልሆነ እያሉ የሚጨነቁ አሉ፤ አንድ ሁለት ሜትር ቢበላለጥ ማንም አይሰማውም።

አስተሳሰሩ ላይ ግን ጊዜ ውሰድ። ስፒናው ከሶኬት ይነቀል። ላስቲኩን አንድ ሴንቲ ያህል ብቻ ላጥ። ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘህ ወደ አንድ አቅጣጫ ጠበቅ አድርገህ ግመዳቸው። አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ አፈንግጣ ጎን ያለውን ማሰሪያ ከነካች ሾርት ነው። ብዙ ደህና አምፕ የሞተው በእንደዚህ ያለች ክር ነው። ማሰሪያው በመጠምዘዝ የሚጠብቅ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ በእጅህ አጥብቀው፤ በፒንሳ አትታገለው፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ላስቲኩን አብረህ እንዳትነክሰው፤ መዳቡም ብዙ ወደ ውጭ እንዳይታይ።

ወደ አምፑ ከማስገባትህ በፊት ቴስተር ካለህ ኦም ላይ አድርገህ የገመዱን ሁለት ጫፍ ለካ። ባለ 6 ኦም ስፒከር 5 አካባቢ፣ ባለ 4 ኦሙ 3 ከምናምን ያሳያል። የሚለካው የሽቦው ኦም ስለሆነ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ማነሱ ጤነኛ ነው። ዜሮ ካሳየ የሆነ ቦታ ተነካክቷል። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል።

ትራንስፎርመሩን በተመለከተ፣ የአምፑ ጀርባ ላይ የሚበላው ዋት ተጽፏል። 200 ካለ ባለ 400 ወይም ባለ 500 ትራንስፎርመር ይኑርህ። ርካሾቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመነው። መጥኖ የተገዛ ትራንስፎርመር ቤዝ ሲመታ ቮልቱ ይወርዳል። መውጫውን በቴስተር ለካው፤ ከ110 እስከ 120 ከሆነ ደህና ነው። ሰፈራችሁ መብራቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ትራንስፎርመሩ አያስተካክለውም፤ 220ው 180 ሲሆን 110ሩም 90 ይሆናል። ስታብላይዘር ካለህ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ ትራንስፎርመሩ፣ ከዚያ አምፑ። መብራት ሲሄድ አምፑን አጥፋው። ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፤ ዕቃ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚመለስባት ቅጽበት ናት።

አንድ ምክር ደግሞ ለቤተሰቡ። የአምፑ ጠፍጣፋ ስፒና ላይ ወፍራም ቀይ ናስትሮ ጠቅልል፣ «110» ብለህም ጻፍበት። አንተ በሌለህበት አንድ ሰው ቤቱን ሲያጸዳ በአዳፕተር ዲቫይደሩ ላይ ቢሰካው አልቋል። ፊውዝ ከሄደ ደግሞ በዚያው ቁጥር ፊውዝ ይተካ። በሽቦ ክር አስረው የሚመልሱልህን አትፍቀድላቸው።

የመብራቱ ሄርዝም፣ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ ይለያያል። እዚያ 60፣ እዚህ 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልት ይቀንሳል እንጂ ሄርዝ አይቀይርም። አምፑ ትንሽ ሞቅ ቢል እንጂ ግድ የለውም። ወንድምህ በሚቀጥለው ሸክላ ማጫወቻ ላምጣልህ ካለ ግን ጠይቀው። ሞተሩ በመብራቱ ሄርዝ የሚዞር ዓይነት ከሆነ በደቂቃ 33 መዞር ያለበት ሸክላ 28 አካባቢ ይዞራል። ዘፋኙ እንቅልፍ የጣለው ይመስልሃል።

አምፑ የት ተቀምጧል? አልነገርከኝም፣ ግን እገምታለሁ። ቡፌ ውስጥ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ ዲኮደር። ከሆነ አውጣው። ላዩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት መውጫ ናቸው። ከላዩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ይኑረው። ዳንቴሉን ለቴሌቪዥኑ።

አሁን ደስ ወደሚለው ክፍል ደረስን። አቀማመጥ። ነፃ ነው፣ ግን ከማንኛውም ዕቃ በላይ ድምፅ ይለውጣል። ስፒከሮቹን ቡፌ ላይ አታስቀምጥ። እንጨቱ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ የቡና ሲኒው ይንጫጫል፣ ቤዙ ይደፈርሳል። ጥግም አትወሽቃቸው። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ቤዙን ያሳብጠዋል። ፍሪጅ ላይ ማስቀመጡን ደግሞ ተወው፣ ድምፁ ከጭንቅላትህ በላይ ያልፋል።

በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ወደ 2 ሜትር ይሁን። አንተም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ገደማ ርቀህ ተቀመጥ፤ ሦስታችሁ ሦስት ማዕዘን ትሠራላችሁ። ትዊተሩ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ጆሮህ ባለበት ከፍታ ይሁን። ይሄ ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 100 ሴንቲ ነው። የስፒከር መቆሚያ መግዛት የለብህም። የቤት መሥሪያ ብሎኬት፣ ባለ 20ው፣ ሦስቱ ተኝተው ሲደራረቡ 60 ሴንቲ ይሆናሉ። ስፒከሩ ሲጨመርበት ትዊተሩ ወደ ጆሮህ ይጠጋል። በጨርቅ ሸፍናቸው፣ ከብሎኬቱ ሥርም ከስፒከሩ ሥርም የጎማ ቁራጭ አድርግ። ጎማው ለታችኛው ጎረቤትህም ነው፤ ቤዝ በሶሌታው በኩል ቁልቁል ይሄዳል። ሕፃን ካለ ግን ይህን አትሞክር፤ ከባድ ጠረጴዛ ይሻላል።

ከጀርባው ግድግዳ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ አርቃቸውና ስማ። ቤዙ ከሳ ካልክ ወደ ግድግዳው አስጠጋ፣ ካበጠ አርቅ። በአምስት አምስት ሴንቲ ተንቀሳቀስ። ፊታቸውን ትንሽ ወደ አንተ አዙር። ሶፋህም ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ከሆነ ለመስሚያ ጊዜ እንኳ ወደ ፊት ሳበው። ሲስተካከልልህ ታውቀዋለህ። ሞኖ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ስትከፍት ዘፋኙ ከሁለቱም ስፒከር አይወጣም። መሐል ላይ፣ ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ ቆሞ ይዘፍንልሃል። ያኔ የስልኩን ሞኖ አጥፋው፣ የቤዙን ቁልፍም መሐል ላይ መልሰው።

ኮንዶሚኒየም ሳሎን ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ ግድግዳና ትልቅ መስኮት ነው። መሐል ላይ ቆመህ አንዴ አጨብጭብ። «ጠርርር» የሚል ከተከተለ ክፍሉ ያስተጋባል። ወፍራም መጋረጃ እና ከስፒከሩ እስከ ሶፋው ባለው ወለል ላይ ምንጣፍ ብዙውን ይፈታዋል። እንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ አሉ፤ ያስቀይማል እንጂ ብዙም አይረዳም።

የቀረው «እምምም» ነው። መጀመሪያ ድምፁ ከስፒከሩ ነው ወይስ ከትራንስፎርመሩ? ጆሮህን አስጠጋ። ትራንስፎርመሩ ራሱ ከሆነ ሥር ጎማ አድርግለት፣ ከአምፑም አርቀው። ከስፒከሩ ከሆነ ከአምፑ ጀርባ የሚገቡትን የድምፅ ገመዶች በሙሉ ንቀል። ጠፋ? እንግዲያው ጥፋቱ ከተሰኩት ውስጥ ነው። አምፑን እያጠፋህ አንድ በአንድ መልሳቸው። እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው ዲኮደሩን ነው። የዲሹ ገመድ ከጣሪያ የሚመጣ ብረት ነው፣ የሆነ ቦታ መሬት ይነካል። ያ ሲሆን 50 ሄርዙ በድምፅ ገመዱ በኩል ይዞርና አምፑ ያጎላዋል። የዲሹን ገመድ ከዲኮደሩ ጀርባ ለአፍታ ንቀለው። ጉምጉምታው አብሮ ከሄደ አገኘኸው። ቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል መውጫ ካለው፣ ዲጂታሉን አምፑ ወደሚቀበለው ድምፅ የሚቀይር ርካሽ ዕቃ አለ፣ ዳክ የሚሉት፤ በእሱ በኩል አገናኘው። ኦፕቲካል ብርሃን ነው የሚያስተላልፈው፣ ጉምጉምታ አያልፍበትም። የቴሌቪዥኑን የድምፅ መውጫ ፒሲኤም ላይ ማድረግ አትርሳ። የመሬቱን ጥርስ ከስፒናው ቆርጠህ ጉምጉምታ ማጥፋትን ማንም ቢመክርህ አትስማው፤ ያች ጥርስ ለሰው ሕይወት ናት።

ስልክህን በገመድ የምታገናኝ ከሆነ ኤዩኤክስ ወይም ሲዲ የሚለው ላይ ሰካ። ፎኖ የሚለው ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነው፤ የስልክ ድምፅ እዚያ ሲገባ ይንሻፈፋል። የስልኩን ድምፅ ወደ ላይኛው ጫፍ አድርስና ከፍ ዝቅ የሚለውን በአምፑ ቁልፍ ሥራ።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ፣ አዲሶቹ ስፒከሮች ለብቻቸው ኤ ላይ ታስረው፣ የቤዙ ቁልፍ መሐል ላይ ሆኖ አሁንም ቀጭ ካለ ያኔ ጓደኛህ ትንሽ እውነት አለው። ወደ ባለሙያ ውሰደው። የስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ ቮልት እንዲለካልህ ንገረው። ትራንስፎርመሩንም አብረህ ያዝ፤ አለበለዚያ ሱቁ ውስጥ 220 ላይ ይሰኩልሃል።